ከዌብክላየንት ወደ ኤችቲቲፒክላየንት፦ ስሙን ብቻ ቀይራችሁ እንዳታልፉ

የምሠራው ለቁጠባና ብድር ማኅበራት ሶፍትዌር በሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። አባሉ ገንዘብ ሲያስገባ፣ ብድር ሲከፍል፣ ወር ሲያልቅ ስልኩ ላይ በአማርኛ አጭር መልእክት ይደርሰዋል። ያንን መልእክት ወደ አቅራቢው ሰርቨር የሚወስደውም፣ የባንክ ዝውውር የሚያረጋግጠውም ኮድ ለዓመታት የተጻፈው በአብዛኛው በአንድ ክላስ ነበር፤ ፕሮግራም ከዌብ ሰርቨር ጋር በሚነጋገርበት በዌብክላየንት። ፕሮጀክቱን ከድሮው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም መሥሪያ ከዶትኔት ፍሬምወርክ ወደ ዶትኔት 8 ስናሻግር ኮምፓይለሩ 37 ቦታ ላይ «ሲስሊብ 0014» የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ።

ማስጠንቀቂያው አጭር ነው፦ ዌብሪኩዌስት፣ ኤችቲቲፒዌብሪኩዌስት፣ ሰርቪስፖይንትና ዌብክላየንት ጊዜያቸው አልፏል፤ በምትካቸው ኤችቲቲፒክላየንትን ተጠቀሙ። የመጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2021 ከወጣው ዶትኔት 6 ጋር ነው። ተተኪው ራሱ ግን አዲስ አይደለም፤ ከ2012 ጀምሮ፣ ከዶትኔት ፍሬምወርክ 4.5 ጋር አብሮ አለ።

ኤረር ስላልሆነ ኮዱ ይሠራል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሰው አያለሁ፦ ማስጠንቀቂያውን አፍኖ የሚያልፍና በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ቦታ ቀይሮ የሚጨርስ። ሁለተኛው የባሰ አደጋ ያመጣል። ሁለቱ ክላሶች በስም ይመሳሰላሉ እንጂ ጠባያቸው የተለያየ ነው፤ ልዩነቱ ደግሞ ኮምፓይል ሲደረግ አይታይም። እኔ ሥራውን በሦስት ሳምንት ነው የጨረስኩት፤ ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያውን ሳምንት አንድም መስመር ኮድ አልነካሁም።

መጀመሪያ የድሮውን ጠባይ ጻፉ

ደብተር አውጥቼ 37ቱን ጥሪዎች አንድ በአንድ መዘገብኩ። 21ዱ ጽሑፍ ብቻ የሚያነቡ ናቸው። 9ኙ መረጃ ይልካሉ። 4ቱ ፋይል ያወርዳሉ፤ አንዱ ደግሞ እያወረደ መስኮት ላይ በመቶኛ ያሳያል። 2ቱ በኤችቲቲፒዌብሪኩዌስት የተጻፉ ናቸው። የመጨረሻው የሌሊት ፋይል በኤፍቲፒ የሚያመጣ ነው። በእያንዳንዱ አጠገብ ሦስት ነገር ጻፍኩ፦ ምን ይልካል፣ ሳይሳካ ሲቀር ማን ይይዘዋል፣ ከውጭ ምን ቅንብር ይነካዋል።

የኤፍቲፒውን ነገር እዚሁ ልጨርሰው። ዌብክላየንት የኤፍቲፒም የፋይልም አድራሻ ይቀበላል። ኤችቲቲፒክላየንት የሚያውቀው ኤችቲቲፒና ኤችቲቲፒኤስን ብቻ ነው፤ ሌላ ስትሰጡት አይደግፍም ብሎ ኤክሴፕሽን (የስህተት ምልክት) ይወረውራል። በዶትኔት ውስጥ ለኤፍቲፒ ምትክ የለም፤ የሦስተኛ ወገን ላይብረሪ መጠቀም ግድ ነው። እኛም ያንኑ አደረግን።

ሌላው ሥራ፦ ማንኛውንም ነገር ከመቀየራችሁ በፊት የድሮው ኮድ በሽቦው ላይ የሚልከውን በፊድለር (የኔትወርክ ልውውጥ በሚቀዳ መሣሪያ) ቅዱና አስቀምጡ። ሄደሩን፣ አካሉን፣ የባይቱን ቁጥር። በኋላ የሚያከራክረው ነገር ሁሉ የሚፈታው ከዚያ ቅጂ ጋር በማነጻጸር ነው።

ክላየንቱ የት ይኑር?

ዌብክላየንትን ሁላችንም የምንጽፈው «ዩዚንግ» ውስጥ ነበር፤ ትፈጥራለህ፣ ትጠቀማለህ፣ ይዘጋል። ልማዱን ይዘን ኤችቲቲፒክላየንትንም እንደዚያው እንጽፋለን። እኔም የጻፍኩት እንደዚያ ነበር፤ ቴስት ላይ ምንም አልታየም። ወር መጨረሻ የሒሳብ መግለጫ ለሁሉም አባላት ስንልክ ግን ከመሀል ጀምሮ መላክ አቆመ፤ ሎጉ ላይ የሶኬት ኤክሴፕሽን ተደረደረ።

ሰርቨሩ ላይ ገብቼ ኮኔክሽኖችን የሚዘረዝረውን «ኔትስታት» ስል ከላይ እስከ ታች «ታይም ዌይት» የሚል መስመር ብቻ ነው የሚወርደው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ኤችቲቲፒክላየንት የራሱ የኮኔክሽን ገንዳ አለው። ክላየንቱን ስትዘጉት ኮኔክሽኑ ይዘጋል፣ ፖርቱ ግን ለደቂቃዎች ተይዞ ይቆያል። ዊንዶውስ በነባሪ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚሰጠው ከ49152 እስከ 65535 ያሉትን 16,384 ፖርቶች ነው። ለእያንዳንዱ አባል አዲስ ክላየንት ሲፈጠር ያ ቁጥር ያልቃል።

ስለዚህ ክላየንቱ አንድ ይሁን፣ ረጅም ዕድሜ ይኑረው። በዊንዶውስ ሰርቪስ ወይም በኮንሶል ፕሮግራም ውስጥ ከሆናችሁ አንድ ስታቲክ ኤችቲቲፒክላየንት ፍጠሩ፤ ከሥሩ ኮኔክሽኖቹን የሚይዘውን ሶኬትስኤችቲቲፒሃንድለር ስጡትና «ፑልድኮኔክሽንላይፍታይም» የሚለውን የኮኔክሽን ዕድሜ 15 ደቂቃ አድርጉት። ይህቺን ቅንብር አትርሱ። ነባሪዋ ገደብ የለሽ ነው፤ ኮኔክሽኑ እስካልተቋረጠ ድረስ ክላየንቱ ዲኤንኤስን (የሰርቨር ስምን ወደ አይፒ የሚተረጉመውን) ዳግመኛ አይጠይቅም። አቅራቢው ሰርቨሩን ወደ ሌላ አይፒ ቢያዛውር የእናንተ ፕሮግራም የድሮውን በር ሲያንኳኳ ይውላል።

ኤኤስፒ ዶትኔት ኮር (የዌብ ፕሮግራም) ላይ ከሆናችሁ ከ2.1 ጀምሮ ያለውን፣ ክላየንት አዘጋጅቶ የሚሰጠውን አይኤችቲቲፒክላየንትፋክተሪ ተጠቀሙ። ሃንድለሩን በየ2 ደቂቃው እሱ ራሱ ይተካል። እዚህ ያለችው አንድ ወጥመድ፦ ፋክተሪው የሰጣችሁን ክላየንት ሲንግልተን (አንዴ ተፈጥሮ ፕሮግራሙ እስኪዘጋ የሚቆይ ነገር) ውስጥ ካስቀመጣችሁት መተካቱ አይደርሰውም፤ ተመልሳችሁ ስታቲክ ያለ ዕድሜ ገደብ ጻፋችሁ ማለት ነው።

መስመር በመስመር

«ዳውንሎድስትሪንግ» የነበረው «ጌትስትሪንግአሲንክ» ይሆናል። «አፕሎድቫልዩስ» የነበረው «ፖስትአሲንክ» ከ«ፎርምዩአርኤልኢንኮድድኮንቴንት» ጋር። «አፕሎድፋይል» የነበረው ከ«መልቲፓርትፎርምዳታኮንቴንት» ጋር።

ፋይል ማውረድ ላይ ትንሽ ቆሙ። «ጌትአሲንክ»ን እንዲሁ ከጠራችሁት ሙሉውን ፋይል ሚሞሪ ውስጥ አስገብቶ ነው የሚመልሰው። «ሪስፖንስሄደርስሪድ» የሚለውን አማራጭ ስጡትና አካሉን እንደ ስትሪም እያነበባችሁ ወደ ዲስክ ጻፉ። ለመቶኛው መስኮት ዌብክላየንት የነበረው የሂደት ኢቨንት እዚህ የለም፤ ስትሪሙን በሉፕ እያነበባችሁ ያለፈውን ባይት ለጠቅላላው ርዝመት ታካፍላላችሁ። ሰርቨሩ ርዝመቱን ያልነገራችሁ እንደሆነ መቶኛ አይኖራችሁም፤ የወረደውን ሜጋባይት አሳዩ።

አሁን ሁሉም ነገር አሲንክ (ትሬዱን ይዞ ምላሽ የማይጠብቅ) ሆኗል። የድሮ ዊንዶውስ ፎርምስ ያለው ሰው እዚህ ጋ «ዶት ሪዘልት» ብሎ ምላሹን ቆሞ በመጠበቅ መገላገል ያምረዋል። አታድርጉት። የአዝራሩ ክሊክ የመስኮቱን ትሬድ ይዞ ምላሹን ይጠብቃል፤ ምላሹ ደግሞ ሥራውን ለመጨረስ ያንኑ ትሬድ ይጠብቃል፤ መስኮቱ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ከአዝራሩ እስከ ታች ድረስ አሲንክ አድርጉት። ያ የማይሆንበት ቦታ ካለ፣ ከዶትኔት 5 ጀምሮ ኤችቲቲፒክላየንት «ሴንድ» የሚባል አሲንክ ያልሆነ ሜቶድ አለው፤ ሪኩዌስት መልእክቱን ራሳችሁ ሠርታችሁ ትሰጡታላችሁ።

ታይምአውትም (የመጠበቂያ ጊዜ ገደብ) አለ። ዌብክላየንት የታይምአውት ፕሮፐርቲ ስላልነበረው አብዛኛው ሰው ከእሱ የሚወርስ ክላስ ጽፎ ነበር፤ እኛም ጋ ነበረ። አሁን ያ ክላስ ይሰረዛል። የኤችቲቲፒክላየንት ነባሪ 100 ሰከንድ ነው፤ አንድ ጊዜ ሪኩዌስት ከላካችሁ በኋላ መቀየር አይቻልም። ለአንድ ጥሪ ብቻ አጭር ጊዜ ከፈለጋችሁ የመሰረዣ ቶክን ስጡ።

ያልተሳካው ተሳክቷል ተብሎ እንዳይመዘገብ

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ገንዘብ የሚነካ ኮድ ካላችሁ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

ዌብክላየንት ሰርቨሩ 400 ወይም 500 የሚል የስህተት ቁጥር ሲመልስ ዌብኤክሴፕሽን ይወረውራል። የድሮው ኮዳችን በሙሉ የተሠራው በዚህ ላይ ነው፤ ካልወረወረ ተሳክቷል። ኤችቲቲፒክላየንት ግን በ«ጌትአሲንክ»ና በ«ፖስትአሲንክ» ሲጠራ 500ንም እንደ ማንኛውም ምላሽ በሰላም ያቀብላችኋል። መስመሩን ብቻ ቀይራችሁ ካለፋችሁ፣ አቅራቢው አልቀበልም ያለውን መልእክት ሲስተማችሁ «ተልኳል» ብሎ ይመዘግባል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የቀየረውን ኮድ ሳይ ልክ ይህ ነበር፤ ከታች የቀረው የዌብኤክሴፕሽን ካች ከዚያ ወዲህ ፈጽሞ የማይደረስበት ኮድ ሆኖ ነበር። ኮምፓይለሩ ስለ እሱ ምንም አይልም።

ምላሹ ካልተሳካ የሚወረውረውን «ኢንሹርሰክሰስስታተስኮድ»ን መጥራት ይፈታዋል፤ ግን ቅደም ተከተሉ ላይ ተጠንቀቁ። ከእሱ የሚወጣው ኤችቲቲፒሪኩዌስትኤክሴፕሽን የስታተስ ቁጥሩን ይዟል፣ የምላሹን አካል ግን አልያዘም። ባንኩ «የላኪው ሒሳብ ታግዷል» ብሎ በአካሉ ውስጥ የጻፈላችሁ ምክንያት ይጠፋል። እኔ የማደርገው፦ መጀመሪያ አካሉን አነባለሁ፣ ስታተሱን አያለሁ፣ ካልተሳካ ሁለቱንም ሎግ ላይ ጽፌ የራሳችንን ኤክሴፕሽን እወረውራለሁ።

«ጌትስትሪንግአሲንክ» በተቃራኒው ራሱ ይወረውራል። አንድ ፋይል ውስጥ ሁለቱም ስላሉ ግራ ያጋባል፤ ለዚህ ነው በደብተሩ ላይ ማን እንደሚይዘው መጻፍ ያስፈለገው።

ጊዜ ሲያልቅም የኤክሴፕሽኑ ዓይነት ይለያል። ድሮ ዌብኤክሴፕሽን ከታይምአውት ስታተስ ጋር ነበር፤ አሁን ታስክካንስልድኤክሴፕሽን ነው፤ ከዶትኔት 5 ጀምሮ ውስጡ ታይምአውትኤክሴፕሽን አለ። እንደገና የሚሞክረው ኮዳችሁ ይህን ካላወቀ መሞከሩን ያቆማል። በዚሁ አጋጣሚ፦ ገንዘብ የሚያዛውር ጥሪ ጊዜ ሲያልቅበት ሳይጠይቁ መድገም አይገባም። ሰርቨሩ ተቀብሎት ይሆናል። መጀመሪያ በመለያ ቁጥሩ ሁኔታውን ጠይቁ።

አማርኛው

በዚህ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፉት መመሪያዎች አይረዱንም፤ እነሱ ጋ ችግሩ አይታይማ።

በድሮው ዶትኔት ፍሬምወርክ ዌብክላየንት ጽሑፍ ሲልክ ኢንኮዲንጉ (ፊደልን ወደ ባይት የሚቀይርበት ሠንጠረዥ) የዊንዶውሱ ነባሪ ኮድ ገጽ ነው፤ እንግሊዝኛ ዊንዶውስ ላይ 1252። በዚያ ገጽ ውስጥ የኢትዮጵያ ፊደል የለም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ይሆናል። መፍትሔው ኢንኮዲንጉን የእኛንም ፊደል ወደሚይዘው ዩቲኤፍ 8 መቀየር ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ግን ሌላ መንገድ መርጦ ነበር፦ ጽሑፉን ወደ ዩቲኤፍ 8 ባይቶች ቀይሮ፣ ባይቶቹን በ1252 አንብቦ ስትሪንግ ያደርጋቸዋል፤ ዌብክላየንት ያንን በ1252 ሲልከው ተመልሶ ትክክለኛው ዩቲኤፍ 8 ይወጣል። ዞሮ ዞሮ ሠርቶለታል።

ኤችቲቲፒክላየንት ላይ «ስትሪንግኮንቴንት» በነባሪ ዩቲኤፍ 8 ነው። ያ ዙሪያ ጥምጥም ኮድ ሳይነካ ከቀረ ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ይቀየራል። ዶትኔት 8 ላይ 1252ን መጥራት በራሱ ኤረር ስለሚሰጥ በዚያ ይታወቅ ነበር፤ እኛ ግን የኤክሴል ፋይል ለማንበብ ብለን የድሮዎቹን የኮድ ገጾች አስመዝግበን ስለነበር ዝም ብሎ ሠራ። ከአንዱ ማኅበር የሒሳብ ሠራተኛዋ ደወለችልኝ። «እህቴ፣ ለአባሎቻችን የምትልኩት ምንድን ነው? አንዲት እናት ስልካቸውን ይዘው መጥተው አጠገቤ ቆመዋል። ገንዘቤ ምን ሆነ እያሉ ነው።» ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። አናቱ ላይ ጭረትና ምልክት ያለበት የላቲን ፊደል ተደርድሯል፤ የሚነበበው ቁጥሩ ብቻ ነው።

አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ነው። «ከበደ» ዘጠኝ ባይት። እነዚያ ባይቶች እያንዳንዳቸው እንደ ፊደል ሲቆጠሩ ጽሑፉ በሦስት እጥፍ ይረዝማል። በአማርኛ አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ አንድ የነበረው ሦስት ሆኖ ሄዷል፤ ሒሳቡም የሦስት ሆኖ መጥቷል። ስለዚህ ከመዛወራችሁ በፊት «1252» የሚለውን ቁጥርና «ኢንኮዲንግ ዶት ዲፎልት» የሚለውን በመላው ኮዳችሁ ውስጥ ፈልጉ፤ ያገኛችሁትን እያነበባችሁ ዙሪያ ጥምጥሙን አውጡ።

በኤችቲቲፒዌብሪኩዌስት የተጻፉት ሁለቱ ደግሞ «ኮንቴንትሌንግዝ»ን የሚሞሉት በስትሪንጉ ርዝመት ነበር። ጽሑፉ እንግሊዝኛ እስከሆነ ድረስ ልክ ነው፤ አንድ የአማርኛ ስም ሲገባበት ቁጥሩ ያንሳል፣ ሪኩዌስቱም ይወድቃል። አሁን ርዝመቱን ራሳችሁ አትንኩት፤ ኮንቴንቱ ያውቀዋል።

ጄሰን (የመረጃ መለዋወጫ የጽሑፍ ቅርጽ) ከላካችሁ አንድ ነገር ይቀራል። ከኒውተንሶፍት ላይብረሪ ወደ አብሮ የተሠራው የጄሰን ሲሪያላይዘር አብራችሁ ከተዛወራችሁ፣ አዲሱ በነባሪ ከመሠረታዊ ላቲን ውጭ ያለውን ሁሉ ወደ ቁጥር ኮድ ይቀይረዋል። ጄሰኑ ትክክል ነው፤ ግን ሦስት ባይት የነበረው ፊደል ስድስት ይሆናል፣ ሎጉም አይነበብም። አማራጮቹ ውስጥ ኢንኮደር ፍጠሩና ከዩኒኮድሬንጅስ «ቤዚክላቲን»ንና «ኢትዮፒክ»ን ስጡት። አዎ፣ በስማችን የተቀመጠ ክልል አለ። አካሉን በሚስጥር ቁልፍ የምትፈርሙ ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሪያላይዝ አድርጉ፤ የፈረማችሁባቸውን ባይቶች ራሳቸውን በ«ባይትአሬይኮንቴንት» ላኩ። ሁለት ጊዜ ከሠራችሁት አንዲት ባይት ትለያለች፤ ፊርማው ውድቅ ይሆናል።

«ፖስትአዝጄሰንአሲንክ» ለአጠቃቀም ይመቻል፤ ግን የአካሉን ርዝመት አስቀድሞ ስለማይናገር በቁራጭ በቁራጭ ይልካል። አንድ አሮጌ ሰርቨር 411 (ርዝመቱ ይነገረኝ) ብሎ መለሰብኝ፤ ለእሱ ወደ ስትሪንግኮንቴንት ተመለስኩ። «ኮንቴንት ታይፕ» ሄደርንም ክላየንቱ ላይ ለማስገባት አትሞክሩ፣ ኤክሴፕሽን ይወረውራል፤ ቦታው ኮንቴንቱ ላይ ነው።

የሰው ኩኪ ለሌላ ሰው

ዌብክላየንት ኩኪ (ሰርቨሩ ጠያቂውን ለመለየት የሚሰጠው ምልክት) አይዝም። ኤችቲቲፒክላየንት በነባሪ ይይዛል። ክላየንቱን አንድ አድርጉ ብያለሁ፤ እንግዲህ ሁለቱን አንድ ላይ አስቡት። የአንደኛው ማኅበር ሠራተኛ ገባ፣ ሰርቨሩ የሴሽን ኩኪ ሰጠ፣ የሁለተኛው ማኅበር ጥሪ በዚያው ክላየንት ሲሄድ ያንን ኩኪ ይዞ ሄደ። ቴስት ላይ በሁለት ማኅበር ስም አፈራርቄ ስጠይቅ ለሁለተኛው የመጀመሪያው ቀሪ ሒሳብ መጣ። ያ ፕሮዳክሽን ላይ ቢደርስ ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አልፈልግም።

ሃንድለሩ ላይ «ዩዝኩኪስ»ን ሐሰት አድርጉት። ፋክተሪም ብትጠቀሙ ያው ነው፤ ሃንድለሩ የጋራ ነው። የመግቢያ ቶክንም «ዲፎልትሪኩዌስትሄደርስ» ውስጥ አታስቀምጡ፤ ያ የሁሉም ነው። ለእያንዳንዱ ጥሪ የራሱን ሪኩዌስት መልእክት ሠርታችሁ እዚያ ላይ አድርጉ።

ከውጭ የነበሩት ቅንብሮች

ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚሠራ ፋይል ውስጥ «ሰርቪስፖይንትማኔጀር» የሚል መስመር ይኖራችኋል። የግንኙነት ምስጠራ የሆነውን ቲኤልኤስ 1.2ን የሚያስገድደው መስመር በአዲሱ ዶትኔት ኤችቲቲፒክላየንትን አይነካውም፤ አውጡት፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ይወስናል። የሰርተፊኬት ማረጋገጫውን ሁልጊዜ «እውነት» የሚያደርግ መስመር ካገኛችሁም አይዛወርም፤ ጥሪው የሰርተፊኬት ኤረር ይሰጣችኋል። ያንን መስመር በአዲስ መልክ አትጻፉት። የሰው ገንዘብ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ማን እንደሆነ ሳትጠይቁ በር መክፈት ነው፤ ሰርተፊኬቱ እንዲስተካከል አስደርጉ።

ሌላው ያልተጻፈ ቅንብር ነው። በድሮው ፍሬምወርክ ከዴስክቶፕና ከሰርቪስ ፕሮግራም ወደ አንድ ሰርቨር በአንድ ጊዜ የሚከፈተው ኮኔክሽን በነባሪ 2 ነበር። የእኛ ኮድ ብዙ መልእክት በትይዩ የሚልክ ይመስል ነበር እንጂ የሚያልፈው ሁለት ሁለት እየሆነ ነበር። በአዲሱ ገደብ የለም፤ ሁሉም በአንዴ ወጣና አቅራቢው 429 (ጥያቄው በዛ) ይመልስ ጀመር። «ማክስኮኔክሽንስፐርሰርቨር»ን አቅራቢው በሚፈቅደው ልክ ወስኑት፤ እኛ 4 አድርገነዋል።

እንዴት እንደጨረስነው

አንድ ጥሪ፣ አንድ ኮሚት። መጀመሪያ የሚያነቡት፣ ከዚያ ፋይል የሚያወርዱት፣ መጨረሻ ላይ ገንዘብ የሚነኩት። ለእያንዳንዱ ትንሽ የአካባቢ ሰርቨር አስነስቼ 200፣ 400፣ 500ና ምንም ምላሽ የማይሰጥበትን ሁኔታ አስሞከርኩ፤ በስሙ ቦታ ሁልጊዜ አማርኛ አስገብቼ፣ ከሣልስና ራብዕ ፊደላት ጋር። ከዚያ የፊድለሩን የድሮ ቅጂ ከአዲሱ ጎን አድርጌ አነጻጸርኩ። የድሮው ፖስት «ኤክስፔክት 100» የሚል ሄደር ይልክ ነበር፣ አዲሱ አይልክም፤ ይህ ጉዳት የለውም። ኮንቴንት ታይፑ ላይ «ቻርሴት» ተጨምሮ ታያላችሁ፤ ሰርቨሩ ካልወደደው ማውጣት ይቻላል።

37ኛው ሲያልቅ የፕሮጀክት ፋይሉን ከፍቼ «ዋርኒንግስአዝኤረርስ» የሚለው ውስጥ ሲስሊብ 0014ን አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ከድሮ ፋይል ዌብክላየንት ገልብጦ የሚያስገባ ሰው ኮዱ ኮምፓይል አይሆንለትም።